የጋን እጣቢ

በዚህ ሸለቆ ከእኔ የበለጠ ጋን ያጠበ ሰው አለ ቢሏችሁ አትመኑ። በዚያ መከር ያፈሰስኩት ውሃ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ የክቪሪላ ወንዝ መንገዱን ይስት ነበር። የወንድሜ ልጅ ዳሊ «ኧረ አጎቴ፣ ያን ያህልም አልነበረም» ትላለች። እሷ ባልዲውን አየችው እንጂ አልተሸከመችውም። ያየ ዓይንና የተሸከመ ትከሻ አንድ ዓይነት ቁጥር አይቆጥሩም፤ የእኔ ትከሻ ደግሞ ገና ቆጥሮ አልጨረሰም።

ስሜ ኑግዛር ነው። ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ከመንደራችን ኩታይሲ ከተማ፣ ከኩታይሲ መንደራችን። አንድ ጊዜ ሙሉ ሠርግ ከነሙዚቀኞቹ ጭኜ ዳገቱን ወጥቻለሁ፤ ቦታ አጥቶ የቆመው በጉ ብቻ ነበር። የወይን ጠጅ ግን ጠምቄ አላውቅም። ጠመቃው የታላቅ ወንድሜ የአምብሮሲ ነው። አባታችን ሲሞት ሥራውን ለሁለት ተካፈልነው፤ እሱ መጥመቁን ወሰደ፣ እኔ መጠጣቱን። ሁለታችንም አደራችንን አላጎደልንም።

በሰኔ ወር አምብሮሲ ከቼሪ ዛፍ ላይ ወደቀ። እጁና ምላሱ ደህና ናቸው፤ እግሮቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አይታዘዙትም። አልጋውን መስኮቱ አጠገብ አደረግንለት። መስኮቱ የሚያሳየው ግቢውን ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ጋኖቹ እስከ አንገታቸው ተቀብረው አፋቸውን ብቻ ከሣሩ መሃል ብቅ አድርገዋል። እንዲህ ያለ መስኮት ለታመመ ሰው ደግ ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዳሊ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። እናቷ ግሪክ አገር የሰው አሮጊት ትጦራለች፤ ለሠርጉ ትመጣለች። የሙሽራው ቤተሰቦች ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ልጅ ሲድሩ ከደጃቸው ጋን ቀድተው ነው፣ ከእኛም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ልጁን በተገዛ ወይን ጠጅ የሚድር አባት፣ ልብስ ተውሳ እንደተዳረች ሙሽራ ነው። ማንም ምንም አይለውም፤ ሁሉም ግን ልብሱን ያያል። እኔ ደግሞ በቀለበቱ ድግስ ላይ ብድግ ብዬ፣ «በዚህ ሠርግ ከአምብሮሲ ጋን ያልተቀዳ ጠብታ ከንፈራችሁን አይነካም፤ ሲተርፍ እግራችሁን ትታጠቡበታላችሁ» ብያለሁ። አምብሮሲ ያኔም አልጋ ላይ ነበር።

መከሩ ሲደርስ አምብሮሲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ወይኑን ለነጋዴው ስጡት» አለ። ዳሊ የያዘችውን ሳህን ደርቆም ደጋግማ ትጠርገው ነበር።

«እኔ እጠምቀዋለሁ» አልኩ።

አምብሮሲ ቀስ ብሎ ዞረ። «አንተ?»

«እኔ።»

«አንተ ሽንኩርት ተክለህ ሣር ያበቀልክ?»

«የወይን ጠጅ ነገር ሽንኩርት አይደለም። እኔ በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ተምሬያለሁ፤ የተማርኩት ከብርጭቆው በኩል መሆኑ ነው እንጂ።»

ዳሊ ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ በዚያ ቤት የተሰማ ሳቅ ስላልነበር አምብሮሲ ወደ እሷ አየ። በኋላ፣ «እሺ» አለ። «ትልቁን ጋን ታጥበዋለህ። የመጨረሻውን እጣቢ እዚህ ታመጣልኛለህ፤ እኔ እጠጣዋለሁ። ጸዳ ካልኩ ወይኑ ይገባል። ጸዳ ሳልል አንዲት ፍሬ ብትገባ ግን እኔና አንተ ወንድማማቾች አይደለንም። ሐሙስ የነጋዴው መኪና ይመጣል፤ እስከዚያ ካልጸዳ ወይኑ ተጭኖ ይሂድ።»

ይህን ከራሱ አልፈጠረውም። ጋን የታጠበ የሚባለው የመጨረሻው ውሃ ሲጠጣ ነው፤ የሚጠጣው ደግሞ የጋኑ ባለቤት ነው። እጣቢውን ያልደፈረ ሰው ለእንግዳ ወይን ጠጅ ሊቀዳ አይገባውም። አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ጽዋ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ነበር የሚጠጣው።

ሥራው እንዲህ ነው። ረጅም እንጨት አለ፤ ጫፉ ላይ የቼሪ ልጥ ተደራርቦ ታስሯል። በእሱ የጋኑን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መፈግፈግ ነው። ሌላ ረጅም እንጨት አለ፤ ጫፉ ላይ ቅል ታስሯል። በእሱ የቆሸሸውን ውሃ መቅዳትና መድፋት ነው። ከዚያ አዲስ ውሃ ከጉድጓዱ ቀድቶ ማምጣት፣ እንደገና መፈግፈግ፣ እንደገና መድፋት። ቀጭን ሰው ቢሆን ጋኑ ውስጥ ገብቶ ያጥበው ነበር። እኔም ሞክሬያለሁ፤ እግሬ ገባ፣ ጭኔ ገባ፣ ሆዴ ግን ደጅ ቀረ። ዳሊ እጄን ይዛ ስትጎትተኝ የጎረቤታችን የሴቬሪያን ድምፅ ከአጥሩ ላይ መጣ።

«ዳሊ፣ ተዪው። አፉ ከተደፈነ ክዳን አያስፈልገውም።»

ሴቬሪያን የአምብሮሲ እኩያ ነው። የራሱን ወይን ጨምቆ ስለጨረሰ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል።

«ጋሽ ሴቬሪያን፣ ሥራ የለህም?» አልኩት።

«አለኝ እንጂ። አንተን ማየት። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

የመጀመሪያውን እጣቢ በብርጭቆ ይዤ ገባሁ። አምብሮሲ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየው፣ አሸተተው፣ አፉ ውስጥ አንከባለለውና ጎኑ ወዳለው ሳህን እንትፍ አለው።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«አይጥ አይጥ።»

«አይጥ አልነበረም እኮ።»

«አሁን የለም። ቢሆንም ስሙን ትቶ ሄዷል። ድገመው።»

ልክ ነበር፤ ውሃው እኔም ስቀምሰው ይሰነፍጣል። ደገምኩት። በአመድ ውሃ አጠብኩት፣ በኖራ አጠብኩት፣ በንጹህ ውሃ ሰባት ጊዜ አለቀለቅኩት። እርግጥ ሰባት ላይሆን ይችላል፤ ወገቤ ግን ሰባት ነው የሚለው። ሁለተኛውን ወሰድኩ። «ኖራ» አለ። ሦስተኛውን ወሰድኩ። «አምቡላ» አለ። ከዚያ በኋላ የወሰድኳቸውን እየቀመስኩ ነበር የምወስደው፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለእኔ ውሃ ውሃ ነበር የሚለው፤ በስተመጨረሻ ትንሽ ሸክላ ሸክላ ከማለቱ በቀር። አምብሮሲ ግን አንዱን «ይጎመዝዛል» ይላል፣ ሌላውን «ገና ነው» ይላል፣ በኋላ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወና ብርጭቆውን መልሶ እየሰጠኝ፣ «ድገመው» ብቻ ሆነ።

ድካም ስላችሁ ተራ ድካም አይምሰላችሁ። እኔ ኩታይሲ ድረስ ጎማ በእጄ እየገፋሁ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ በጥር፣ በበረዶ። እሱ ድካም አልነበረም። ይሄኛው አጥንት ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ሾርባ ስጠጣ ማንኪያው ከብዶኝ ሁለቴ አስቀመጥኩት። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ተሳፋሪዬ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ሚኒባሷን አቁመህ ስንት ጋን እያጠብክ ነው?» ሲለኝ፣ «አንድ» አልኩት። ልክ ነው፣ አንድ ነበር፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ሰውዬው ደንግጦ፣ «አሞሃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወይኑ በበኩሉ አልጠበቀም። ተርብ ወሮታል። አንዳንዱ ዘለላ ከሥሩ እየላላ ነው። ከባሕሩ በኩል ደመናው በየቀኑ እየወፈረ ይመጣል፤ ዝናብ ከደረሰበት የበሰለ ወይን ውሃ ይጠጣና ይፈነዳል፣ ያን ጊዜ ነጋዴውም አይወስደውም። ዳሊ ጉድጓዱ ጋ ባልዲ ስትቀበለኝ እንዲህ አለችኝ፦

«አጎቴ፣ ይብቃህ። የሱቅ ወይን ጠጅ ይቅረብ፤ ሰው አይሞትበትም።»

«አባትሽስ?»

ባልዲውን መሬት አስቀመጠችው። «አባዬ ሠርጉ ላይ ከክፍሉ እንደማይወጣ ነግሮኛል። ከሱቅ የመጣ ወይን ጠጅ ይዤ በሰው ፊት አልቀመጥም አለ። ለእኔ ወይኑ ምኔም አይደለም። እሱ ከሌለ ግን…»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ጋኑ ከጸዳ አባቷ በሰው ሸክም ከአልጋው ወጥቶ በማዕዱ ራስጌ ይቀመጣል፣ ካልጸዳ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ የልጁን ሠርግ በጆሮው ይሰማል። እንዲጸዳ የሚያደርገው ደግሞ የእሱ አንድ ቃል ነው፤ እሱም ያንን ቃል አልሰጥ ብሏል።

ረቡዕ ጠዋት ጋኑን እንደገና አጠብኩና ቅሉን ልሰድ ስል ክንዴ እንቢ አለኝ። እንጨቱን ማንሣት አቃተኝ። ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ ብርጭቆውን አየሁት፤ ባልዲው ውስጥ ያለውን አየሁት። በረዶ የመሰለ ንጹህ የጉድጓድ ውሃ። ወደ ሴቬሪያን አጥር ተመለከትኩ፤ ያን ሰዓት አልነበረም። ብርጭቆውን ከባልዲው ሞላሁት። ሰይጣን ገፋፋኝ አልልም፤ ሰይጣንም ያን ያህል ደክሞት አያውቅም።

ለአምብሮሲ ሰጠሁት። ወደ ብርሃኑ አነሣው። አሸተተው። አንከባለለው። እኔ በልቤ «በቃ፣ አሁን ጸዳ ይላል፣ እኔም ሄጄ እተኛለሁ» እላለሁ። እንትፍ አለው።

«ይሸታል» አለ። «ድገመው።»

ብርጭቆውን ተቀበልኩት። «ምን ምን ይሸታል?»

«ያው ነው። የአምናው። ያልነካኸው ቦታ አለ።»

«እሺ» አልኩ።

ወጥቼ ባልዲውን ገለበጥኩና ተቀመጥኩበት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። ሰው ንጹህ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ «ይሸታል» ካለ እንግዲህ ጋን አይደለም የሚቀምሰው። የቀደሙትንም ሁሉ እንዲሁ ሲተፋቸው ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ባልዲ ያሸከመኝ ጋኑ አልነበረም። ባልዲውን ከጉድጓዱ ሞልቼ ገብቼ፣ መንደሩ እስኪሰማ፣ «ስማ አንተ፣ ይህን ነው ይሸታል ያልከው» ልለው ተነሣሁ። ሴቬሪያንም አጥሩ ላይ ተመልሷል፤ ምስክር አለኝ።

«ምነው ኑግዛር፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «እየታጠበ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እነግራችኋለሁ። እሱ ከመጠየቁ በፊት፣ ልገባ ስል እጄ ሳላስበው መፈግፈጊያውን ያዘ፤ በንዴት ሁለት ሦስት ጊዜ ጋኑ ውስጥ አወጣሁ አወረድኩት። ቀና ስል አምብሮሲን በመስኮቱ አየሁት። በትራሱ ላይ ደገፍ ብሎ ያየኛል፤ እንጨቱን ስሰድ ቀኝ ትከሻው ይወርዳል፣ እንጨቱን ስስብ ትከሻው ይነሣል። አቆምኩ፤ ትከሻው ቆመ። እንደገና ጀመርኩ፤ እሱም ጀመረ። እያደረገው መሆኑን የሚያውቅ አልመሰለኝም። ለካ ስንፈገፍግ የሰነበትነው ሁለት ነን።

ንዴቴ አልጠፋም፤ ድካሙ ግን በላዩ ተኛበት። ቤት ገባሁ።

«አምብሮሲ፣ ከአቅሜ በላይ ሆነ» አልኩት። «የት ጋ እንደማልነካ ራሱ አላውቀውም። መጥተህ ካላሳየኸኝ ነገ የነጋዴው መኪና ይውሰደው።»

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «በምን እግሬ?»

«በእኔ።»

«አንተ እኮ ባልዲ አቅቶህ ቁጭ ብለህ አይቼሃለሁ።»

«ባልዲ አይሳደብም። ተሳዳቢ ሲሆን ይቀላል።»

ጀርባዬ ላይ አደረግኩት። አምብሮሲ ሲያዩት አጥንት ነው፤ ስትሸከሙት ግን ሙሉ ጋን ነው፣ ከነአፈሩ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ተደናቀፍኩ።

«ቀስ በል» ይለኛል በጆሮዬ። «ሚኒባስህ መሰልኩህ እንዴ?»

«በሚኒባሴ የወደቀ ሰው የለም።»

«የወጣውስ መቼ ወዶ ወጣ?»

ዳሊ የጎተራውን በር ነቅላ ከጋኑ አፍ አጠገብ ዘርግታ ፍራሽ አንጥፋበታለች። ማንም አልነገራትም። በደረቱ አስተኛነው፤ ራሱና ክንዶቹ ከጋኑ አፍ በላይ ሆኑ። መፈግፈጊያውን ሰጠሁት። እጁ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ያውቁ ነበር። የእኔ አፈጋፈግ ሁሉ መደብደብ ነበር፤ እሱ ግን እንጨቱን አንድ ዙር እያዞረ ነው የሚያወርደው፣ ልጡ የሕፃን ጀርባ እንደሚያሽ እጅ ነው የሚሄደው። ትንፋሹ ያጥራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ጋኑ ውስጥ ጠብ ሲል፣ ሴቬሪያን ከአጥሩ፣ «አሁን አቆሸሽከው» አለው።

«የሚያቆሽሸውስ አንተ የምትተፋው ገለባ ነው» አለ አምብሮሲ ቀና ሳይል፤ ድምፁ ጋኑ ውስጥ ገብቶ ትልቅ ሆኖ ወጣ። ሴቬሪያን የሱፍ ፍሬውን ኪሱ ከተተ።

«እዚህ ጋ» አለኝ አምብሮሲ። «ከጋኑ ትከሻ በታች። ይሰማሃል? ድምፁ ይለያል። እዚህ አልነካኸውም።»

ለእኔ ምንም አልተለየኝም። ያንን ቦታ ከሌላው ሁሉ አብልጬ ፈግፍጌው ነበር። «አልነካሁትም» አልኩ።

ውሃውን እኔ አወጣሁ፣ አዲሱን ዳሊ ጨመረች፣ እሱ አለቀለቀ። በመጨረሻ ቅሉን ራሱ ሰደደና ሞልቶ አወጣው። አልሸተተም፣ ወደ ብርሃንም አላነሣም። ጠጣው፤ ማንቁርቱ ሲወርድ ሲወጣ እኔና ዳሊ ቆመን አየነው። የተረፈውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም ለዳሊ አተረፍኩላት። ውሃ ውሃ አለ፣ ከሥሩ ትንሽ ሸክላ ሸክላ።

«ጸዳ» አለ አምብሮሲ፣ ግንባሩን ጋኑ አፍ ላይ አሳርፎ።

ዳሊ ቅሉን እንደያዘች ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ሴቬሪያን ምንም ሳይባል አጥሩን ተሻግሮ ቅርጫት አነሣ።

የቀረውን አሳጥሬ ልንገራችሁ፣ ደክሞኛልና። ወይኑን እስከ ከሰዓት በኋላ ለቀምነው። ከአንድ ግንድ የተቦረቦረው ገንዳ ውስጥ ገብቼ ረገጥኩ፤ ጭማቂው ከገንዳው ወደ ጋኑ ይንቆረቆራል። ነፋሱ መጥቷል፣ ደመናው ከሸለቆው አፍ ላይ ነው። አምብሮሲ ወደ ቤት አልገባም አለ። በዚያው በተዘረጋው በር ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ጋኑ ሲሞላ እየተመለከተ፣ «ቀስ ብለህ፣ በተረከዝህ አይደለም፣ ፍሬውን ስበር አልኩህ ወይስ አሰቃየው አልኩህ?» ይለኛል። እግሬ ከጉልበቴ በታች የእኔ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዳሊና ሴቬሪያን የመጨረሻውን ቅርጫት ሊያመጡ ወደ ታች ሲወርዱ ብቻችንን ቀረን።

«ኑግዛር» አለኝ።

«ወይ።»

«ሌላ ጊዜ ስታታልል የጉድጓዱን ውሃ እንደወረደ አታምጣ። ብረት ብረት ይላል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጠጣው አድገን እንዴት አያውቀውም ብለህ ነው?»

መርገጤን አቆምኩ። ጆሮዬ ጋለ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ከዚያ በፊት ያመጣኋቸውስ?» አልኩት። «እነሱ ከጋኑ ነበሩ። እኔም ቀምሼያቸዋለሁ። እነሱስ ጸድተው አልነበረም?»

አምብሮሲ ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ ሳበ። ጋኑ ውስጥ የሚወርደውን ጭማቂ አየ፣ ደመናውን አየ፣ እኔን ግን አላየም።

«ርገጥ» አለኝ። «ዝናቡ ደርሷል።»

ረገጥኩ።